ኩሩው በቅሎ አፍ አውጥቶ የጠየቀ ዕለት

ተረት ተረት፤ የቀረበ ይስማ፣ የራቀ ይጠጋ።

ድሮ፣ የጨው ነጋዴዎችን ጭነት ፊት ፊት የሚመራ አንድ ኩሩ በቅሎ ነበረ። በኋላ መኪና መጣና የሲራራው ጉዞ ቀረ፤ የመንገድ ጓደኞቹም በየአገሩ ተበተኑ። በቅሎው ሥራ ፍለጋ ከማያውቀው ደጅ ወደማያውቀው ደጅ ቢዞር «አርጅተሃል» እያሉ መለሱት። ወደሚያውቁት ለመሄድ ደግሞ አፈረ። ብቻውን ሲሆን የቃጭሉ ድምፅ፣ የበረሃው ንፋስ፣ በየሰፈሩበት ጥላ ሥር የነበረው ጨዋታ ትዝ ይለው ነበር።

ረሃቡ ሲጠናበት ከጨው ጉዞ የሚያውቀውን ውሻ ፈልጎ ወፍጮ ቤት ደጃፍ አገኘው። አንገቱን ደፍቶ፣ «ወንድሜ፣ ሥራ አጣሁ። የምታውቀው ካለ ጠቁመኝ» አለው።

ውሻው ወዳጅ የማይረሳ ነበርና ጅራቱን እየቆላ፣ «እኔ ከደጅ ጥበቃ በቀር አላውቅም። የጭነት ነገር የምታውቀው ያቺ ጓደኛችን አህያ ናት፤ ና፣ አብረን እንሂድ» ብሎ ወንዙን አሻግሮ ወሰደው።

ለፍቶ አዳሪዋ አህያ ከእህል ጆንያ ሥር ቀና ብላ ስታየው እንባዋ መጣ።

«አንተ! በሕይወት አለህ?»

«አለሁ። ለጌታሽ አንድ ቃል እንድትናገሪልኝ ነው የመጣሁት።»

«ምን አዲስ ቃል አለ? ጌታዬ በየመኸሩ ‹መኪና የማይወጣውን ዳገት የሚችል በቅሎ ከየት ላምጣ?› ባለ ቁጥር ስምህን እጠራለታለሁ። ግን የት ብለን እንፈልግህ?»

በቅሎው ሲንከራተት የቆመባቸውን የባዕድ ደጆች አሰበ። በማግስቱ እህል ጭኖ ዳገቱን ወጣ።

እኔ ተረቴን አወረድኩ፤ እናንተ አንሡት።