መዝጊያ የጠፋበት መንደር

— ተረት ተረት።
— የላም በረት።
— በረቱ መዝጊያ አለው?
— አለው።
— እንግዲያው ዝጉና ስሙኝ። ዛሬ ሆዴ እርር ብሏል፤ የሚያቋርጠኝን አልምርም።

በድሮ ዘመን ገደል አፋፍ ላይ አንዲት መንደር ነበረች። ወንዶቿ ለሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። ደሞዛቸው ገብስ ነው። በየወሩ በገብርኤል ዕለት የሥራው አለቃ በቁና እየሰፈረ ይሰጣቸዋል።

ከፈላጮቹ አንዱ አንሙት ይባላል። ክንዱ ብረት ነው። ቋጥኝ ይፈልጣል፤ አፉን ከፍቶ «ቸገረኝ» ማለት ግን አይችልም። ይሉኝታ ይዞት። እናንተዬ፣ ይሉኝታ የጨረሰውን ያህል ሰው ጅብ አልጨረሰም።

አንድ ወር የሚካኤልን ማኅበር የመደገስ ተራው ደረሰ። ሚካኤል ከገብርኤል ሳምንት ይቀድማል። ጎተራው ደግሞ ባዶ ነው፤ አይጧ እንኳ ጓዟን ጠቅልላ ወጥታለች። ሚስቱ ማንጠግቦሽ እንዲህ አለችው፦

«ሂድና ለማኅበሩ መሪ፣ ለሙሴው ለአያ ካሳዬ ንገረው። ተራህን ከሌላ ሰው ጋር ይለውጥልህ።»

«አንሙት ጠላ መጥመቂያ አጣ ይበሉኝ?»

«ታዲያ አላጣህም?»

«ማጣትና አጣ መባል ይለያያል» አለና ወጣ። ወጣና ቀጥ ብሎ ወደ አያ ድንበሩ ሄደ።

አያ ድንበሩ ማን ነው? አይፈልጥ፣ አያርስ፣ አያርም። ገብስ ያበድራል። ምላሱ ማር ነው። ቁናው ሁለት ነው፤ በትንሹ ይሰጣል፣ በትልቁ ይቀበላል።

«አይዞህ የኔ ወንድም፣ ሦስት ቁና ውሰድ» አለው። «በገብርኤል ደሞዝህን ስትቀበል አራት ትመልስልኛለህ። ለመያዣ የቤትህን መዝጊያ አምጣ።»

«መዝጊያዬን? ምን ያደርግልሃል?»

«ለኔ ምንም። ግን መዝጊያ የሌለው ሰው እንቅልፍ የለውም። እንቅልፍ የሌለው ሰው ደግሞ ዕዳውን አይረሳም።»

የአንሙት መዝጊያ የዋንዛ ነው፤ አባቱ የጠረበው። ነቀለና ተሸክሞ ወሰደው። በቦታው ቁርበት ሰቀለ። ከዚያም ማኅበርተኞቹ መጡና ጠላውን ጠጡ። አያ ካሳዬ ቁርበቱን አየት አደረገና፦

«መዝጊያህ የታለ?» አለው።

«ቤቱ ይናፈስ ብዬ ነው» አለ አንሙት።

ሁሉም «እህ» አሉና አቀረቀሩ። ለምን እንዳቀረቀሩ ትደርሱበታላችሁ።

ገብርኤል ደረሰ። አንሙት ደሞዙን ተቀበለ። ግን አራቱን ቁና ቢከፍል ወሩን ምን ሊበላ ነው? አያ ድንበሩ ፈገግ አለና፦

«ማን አስጨነቀህ? አንዷን ቁና ማቆያ ስጠኝ፤ ዕዳህ እስከ ወር ይቆይልሃል» አለው።

ሰጠ። በወሩም ሰጠ። ከዚያም በወሩ። ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ። አንድ ቀን ማንጠግቦሽ ያዘችው። ሆዷ ገፍቷል፤ ቁጣዋም ገፍቷል።

«ስንት ወሰድክ?»

«ሦስት።»

«እስከ ዛሬ ስንት ሰጠኸው?»

«ስድስት።»

«ስንት ቀረብህ?»

አንሙት ራሱን አከከ። «አራት።»

«ድንጋይ ስትፈልጥ ፍንጣሪው ጭንቅላትህ ገባ እንዴ? ስማኝ፣ ቀኔ ደርሷል። አራስ በቁርበት ቤት አትተኛም። እኔ ከነልጄ ተኝቼ ጅቡ ደጅ ላይ ቆሞ ‹ቤቶች› እንዲለኝ ነው?»

«ምን ላድርግ?»

«ተዋስ። ከአንዱ ጎረቤት መዝጊያ ተውሰህ ና። ከአራስ ቤት ስወጣ እንመልሳለን። አንተ አፍህን ካልከፈትክ እኔ አደባባይ ወጥቼ እከፍትልሃለሁ።»

አንሙት ያውቃታል፤ ታደርገዋለች። እየተነጫነጨ ወደ አያ ካሳዬ ቤት ሄደ። ደጁ ላይ ሰሌን ተንጠልጥሏል። ገለጥ ቢያደርገው ከኋላው መዝጊያ የለም።

«አያ ካሳዬ፣ መዝጊያ ታውሰኝ ብዬ ነበር።»

አያ ካሳዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «መዝጊያዬማ አናጢ ዘንድ ነው።»

«በመንደሩ አናጢ አለ እንዴ?»

«ያንተስ የት ነው?»

«እየተናፈሰ።»

ተያዩ። ከዚያም ሽማግሌው ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንባ ሆነ።

«ተራ ለውጥልኝ ብትለኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር?» አለው እንባውን እየጠረገ።

«አንተስ ለምን ለኛ አልነገርከንም?»

«ሙሴ ሆኜ?»

ተያይዘው ወደ ቀጣዩ ቤት ሄዱ። እዚያም ሰሌን። ከዚያ ወዲያ ያለው ቤት አሮጌ ጋቢ ሰቅሏል። አንዲት ባልቴት የሳር ነዶ ደግፋለች። ለካ ሁሉም የሌላው ደጅ የተዘጋ እየመሰለው፣ ብቻውን ጅብ እየፈራ ያድር ኖሯል። የመንደሩ መዝጊያ በሙሉ አያ ድንበሩ ግቢ ተደርድሮ ቆሟል። ብታንኳኳው «ማነው» የሚል የለም።

በማግስቱ የሥራው አለቃ ይህን ሰማና ጮኸባቸው፦

«ቸግሮናል፣ ቀደም ብለህ ስፈርልን ብትሉኝ እምቢ እል ነበር? የሠራችሁበት ገብስ እኮ ነው።»



ያን ዕለት ፈላጮቹ እቁብ ገቡ። ገብርኤል ከነገ ወዲያ ነበር። ደሞዛቸውን ሲቀበሉ ለማቆያ የሚሰጧትን ቁና እያንዳንዳቸው ለእቁቡ ጣሉ። አያ ድንበሩ ሰማና እየሮጠ መጣ።

«ማቆያዬስ?»

ማንጠግቦሽ ወገቧን ይዛ ቆመች። «መዝጊያውን ወስደሃል። አሁን ምን ቀረህ፣ ግድግዳው?»

«ዕጣው ይውጣ» አለ አንዱ።

«ምጥ ዕጣ አይጠብቅም» አለ አያ ካሳዬ። የመጀመሪያው እቁብ ለአንሙት ሆነ። የዕዳውን አራት ቁና ለአበዳሪው በአለቃው ፊት፣ በአለቃው ቁና ሰፈሩለት። አያ ድንበሩ የራሱን ትልቁን ቁና ይዞ ነበር፤ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው። አንሙትም የአባቱን መዝጊያ አዝሎ ሄደና ገጠመው። በነጋታው ማንጠግቦሽ ሴት ልጅ ወለደች፤ ደጁ ተዘግቶ፣ እልልታው ከውስጥ ተሰማ።

ከዚያም በየገብርኤሉ አንድ አንድ መዝጊያ ወደ ቤቱ ገባ።

የሕፃኗ ክርስትና ደረሰ። አያ ድንበሩ ድግስ ሲሸተው አይተኛም። ዋዜማውን ገብስ ሊያበድር ወደ አንሙት ቤት ሄደ። መዝጊያው መመለሱን ረስቶ፣ እንደ ልማዱ ቁርበት ገልጦ የሚገባ መስሎት በግንባሩ ዘው ሲል፣ ዷ። አፍንጫውን ይዞ ቆመ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ቤት አንኳኳ።

«ማነው?» አለ አንሙት ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ ድንበሩ። ለድግሱ እንዳትቸገር ብዬ ነው። ክፈትልኝ።»

ውስጥ እቁብተኞቹ ሁሉ ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ለድግሱ የሚሆን ገብስ ይዞ መጥቷል። አንሙት ልጁን ታቅፎ ነበር፤ አልተነሣም።

«ቆይ፣ አያ ድንበሩ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪመቸን። አይዞህ፣ እዚህ ቤት ማቆያ አይከፈልም።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በገብስ ዳቦ አብሱ። ዳቦ ከሌላችሁም «የለንም» በሉኝ፤ ለኔ ብላችሁ መዝጊያ እንዳትነቅሉ።