ሽቅብ አልወጣም ያለው ውሃ

ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ መሄድ ባልለመደበት ዘመን፣ የሻረግ የምትባል ባልቴት ከወንዝ በላይ፣ ዳገት ላይ፣ ሠላሳ የበርበሬ ችግኝ ነበራት። ጉልበቷ ዳገቱን በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አያስወጣትም። የዚያን ቀን ያመጣችው አንድ ቅል ውሃ ብቻ ነው። ችግኞቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ዛሬ ካልጠጡ ነገ የሉም። አናጢው ደርብ ውሃ የሚያወጣ መንኮራኩር ሠርቶላት ነበር፤ ቢተክሉት አልዞር ብሎ ደጇ ተጋድሟል።

«አንተ ውሃ፣ ውጣና ችግኜን አጠጣልኝ!»

«መንኮራኩሩ ካላነሣኝ አልወጣም» አላት ውሃው።

«አንተ መንኮራኩር፣ አንሣው! ውሃው አልወጣ አለ፣ ችግኜ ደረቀብኝ።»

«ባንድ ወገን አብጬ ባንድ ወገን ከስቼ እንዴት ልዙር? ደርብ ይከርክመኝ።»

«አንተ ደርብ፣ ከርክመው! መንኮራኩሩ አልዞር አለ፣ ውሃው አልወጣ አለ፣ ችግኜ ደረቀብኝ።»

«እትዬ፣ ገመድ አዙሮ ክብ ማስመር ለጎጆ ነው እንጂ ለመንኮራኩር ምን ይሠራል ብዬ፣ በዓይኔ ለክቼ ጉድ ሆንኩ! አሁንማ ገመድ ዞሮ ካላሳየኝ መጋዝ አልነካም» አለ ደርብ አፍሮ።

«አንተ ገመድ፣ ዙርለት! ደርብ አልከረክም አለ፣ መንኮራኩሩ አልዞር አለ፣ ውሃው አልወጣ አለ፣ ችግኜ ደረቀብኝ።»

«ችካል ጫፌን ካልያዘኝ እንደ ሰካራም እንገዳገዳለሁ።»

«አንተ ችካል፣ ያዘው! ገመዱ አልዞር አለ፣ ደርብ አልከረክም አለ፣ መንኮራኩሩ አልዞር አለ፣ ውሃው አልወጣ አለ፣ ችግኜ ደረቀብኝ።»

«መሬቱ ድንጋይ ሆኗል፤ ካልለሰለሰ አልተከልም።»

«አንተ መሬት፣ ለስልስ! ችካሉ አልተከል አለ፣ ገመዱ አልዞር አለ፣ ደርብ አልከረክም አለ፣ መንኮራኩሩ አልዞር አለ፣ ውሃው አልወጣ አለ፣ ችግኜ ደረቀብኝ።»

«እኔም ጠምቶኛል፤ አጠጪኝ።»

የሻረግ ቅሏን እቅፍ አደረገች። ሌላው ሁሉ ቢሞት አንዷን እንኳ ላትርፍ ብላ ያቆየቻት ውሃ ናት።

«ይተዉት እትዬ፣ አንዷን ያትርፉ» አላት ደርብ።

«ለአንዷ ብዬ ሠላሳውን አልቀብርም!» ብላ በተጋደመው መንኮራኩር እምብርት ቀዳዳ በኩል መሬቱ ላይ አንጠፍጥፋ ደፋችው።

መሬቱ ለሰለሰ። መሬቱ ሲለሰልስ ችካሉ እምብርቱ ውስጥ ተተከለ። ችካሉ ሲተከል ገመዱ ጫፉ ላይ ከሰል ይዞ መንኮራኩሩ ላይ እያሰመረ ዞረ፤ ከእምብርቱ ሳይርቅ ሳይቀርብ ዞሮ ከጀመረበት ገጠመ። ገመዱ ሲዞር ደርብ ከረከመ፣ ደርብ ከርክሞ ወንዙ ላይ ሲተክለው መንኮራኩሩ ዞረ፣ መንኮራኩሩ ሲዞር ውሃው ሽቅብ ወጣ፣ ውሃው ሲወጣ ሠላሳውም ችግኝ ጠጥቶ ቀና አለ።

የሻረግ እየሳቀች ባዶ ቅሏን ውሃውን ወደ ችግኞቹ ከሚወስደው ቦይ ሞላች። መጀመሪያ ያፈሰሰችውም ችካሉ ቆሞበት የነበረው መሬት ላይ ነው፤ «ውለታህን አልረሳም» አለችው።

ተረቴን እኔ አጠጣኋት፤ በርበሬውን እናንተ ልቀሙ።