አልነሳ ያለው የመብረቅ ፎቶ

ጆሮ ያለው ያድምጥ፣ ጥያቄ ያለው ይታገሥ፤ ነገሩ የሆነው ሞጆ ነው።

ፎቶ አንሺዋ ስንዱ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መብረቅ የሚባለውን ውሻ ሲሮጥ አጥርታ ማንሳት። ጌታው አባባ ጉርሙ ነገ ጅማ፣ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። የልጃቸው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ውሻው ለጎረቤት ይቀራል።

"ተኝቶማ ማንም ውሻ ነው" አሏት። "ወደ እኔ ሲሮጥ አንሺልኝ።"

እግራቸው ስለሚያማቸው ከደጃቸው አይርቁም። እዚያው ቆመው ሲያፏጩ መብረቅ ከሜዳው ጫፍ ተወረወረ። ካሜራው ግን ውሻውን ትቶ ከኋላው የተሰጣው ነጭ አንሶላ ላይ ፎከስ አደረገ። የአንሶላው ክር ሳይቀር ይታያል፤ ውሻው ደብዝዞ አቧራ መስሏል። ደገመች፤ አንሶላ። ሠለሰች፤ አሁንም አንሶላ።

ወደ አንሶላው ባለቤት ወደ እትዬ ደብሪቱ ሄደች።

"እትዬ፣ አንሶላውን ያንሱልኝ።"

"እርጥብ እኮ ነው የኔ ልጅ። ያ መኪና ፀሐዩን ከልሎታል።"

አንሶላው ካልደረቀ አይነሳም፤ አንሶላው ካልተነሳ መብረቅ ፎቶ አይነሳም።

ወደ ሾፌሩ ወደ ሸምሱ ሄደች።

"መኪናውን አንሳልኝ።"

"በየትኛው ጎማ?" አለና የተኛውን ጎማ አሳያት።

ጎማው ካልተነፋ መኪናው አይነሳም፤ መኪናው ካልተነሳ አንሶላው አይደርቅም፤ አንሶላው ካልደረቀ አይነሳም፤ አንሶላው ካልተነሳ መብረቅ ፎቶ አይነሳም።

ወደ ጎሚስታው ወደ ጋሽ ገረመው ሄደች።

"መብራት ጠፍቷል" አላት። "ጄኔሬተር አለኝ፤ ግን ሥሩ ዶሮ ታቅፋለች። እጄን ስሰድ ትጠቀጥቀኛለች።"

ዶሮዋ ካልተነሳች ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ጎማው አይነፋም፤ ጎማው ካልተነፋ መኪናው አይነሳም፤ መኪናው ካልተነሳ አንሶላው አይደርቅም፤ አንሶላው ካልደረቀ አይነሳም፤ አንሶላው ካልተነሳ መብረቅ ፎቶ አይነሳም።

ስንዱ ግራ ገባት። የመጣችው ለውሻ ነበር፤ አሁን ዶሮ ፊት ተንበርክካለች።

"እባክሽ ተነሺልኝ" አለቻት።

ዶሮዋ ላባዋን ነፍታ በስንዱ ትከሻ ላይ አሻግራ ታያለች። ስንዱ ዞር ብትል መብረቅ ተከትሏት መጥቶ፣ ምላሱን አውጥቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም። ውሻው ካልተነሳ ዶሮዋ አትነሳም። ታዲያ ውሻው እንዲነሳ መጀመሪያ ውሻው ይነሳ? የቱ መነሳት ከየቱ እንደሚቀድም ጠፋባት።

ተመልሳ ለአባባ ጉርሙ ሁሉንም ነገረቻቸው። አልሳቁባትም።

"አንሶላና መኪናውን አላውቅበትም" አሉ። "ውሻውን ግን መጥራት እችላለሁ።"

አፏጩ።

መብረቅ ተነሳ፤ ዶሮዋም ጥሬ ልትለቅም ተነሳች። ጋሽ ገረመው እንቁላሎቹን ከነገለባው ጥግ አስቀመጠላትና ጄኔሬተሩን አስነሳ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ጎማው ተነፋ፤ መኪናው ተነሳ፤ አንሶላው ፀሐይና ነፋስ አግኝቶ ደረቀ፤ እትዬ ደብሪቱም አጣጥፈው አነሱት። ሜዳው ላይ ውሻ ብቻ ቀረ።

አባባ ጉርሙ እንደገና አፏጩ። ካሜራው መብረቅን ያዘ፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።

ስንዱ አሳየቻቸው። ብዙ ጊዜ አዩት።

"ዓይኑ እኔ ላይ ነው" አሉ።

ሌላም ልትደግም ካሜራዋን ስታቀና፣ "ይበቃል ልጄ" አሉና እንደምንም ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ውሻውን በሁለት እጃቸው አቀፉት።