የእመት ውድነሽ የማር ልጅ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ኧረ ድምፃችሁን ከፍ! ላሟን ልታስተኟት ነው እንዴ? ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺም እግርሽን ከእሳቱ ሰብስቢ። በሉ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ከጥቁር ውሃ ወንዝ ወዲህ አንድ አገር ነበረ፤ ከወንዙ ማዶም ሌላ አገር ነበረ። ወዲህ ያለውን አገር የሚገዛው አጥናፉ የሚባል ንጉሥ ነው። ታናሽ ወንድሙ ደምሌ ደግሞ ቆላውን ያስተዳድርለታል። እናታቸው እመት ውድነሽ ይባላሉ። እኒህ ሴትዮ ሁለት ልጅ ወለዱና ሁለት ግትር አሳደጉ። ምን ያድርጉ፣ አባትየውም እንዲሁ ነበር አሉ።

አንድ የመስቀል ዕለት ደምሌ ነጋሪቱን ከወንድሙ ነጋሪት አስቀድሞ አስጎሰመ። የነገሩ ሥር ይኸው ነው። አጥናፉም ተቆጣና፦ «በእኔ አገር ሁለት ነጋሪት የለም!» ብሎ የደምሌን ነጋሪት አስቀደደው። ይህ ሁሉ ለቆዳና ለእንጨት! ደምሌ ግን የተቀደደው ክብሩ መሰለው። ከዚያም ሰዎቹን ሰበሰበና ዱር ቤቴ አለ።

የማዶው ንጉሥ ጫኔ ይህን ሰማ። ጫኔ ከወንዙ ወዲህ ያለውን ለምለም መስክ ባየ ቁጥር ምራቁን የሚውጥ ሰው ነበረ። ደምሌን አስጠራውና፦ «ወንድሜ፣ ጦርም ጋሻም ፈረስም ከእኔ ውሰድ። ሰውም እጨምርልሃለሁ» አለው።

ደምሌም፦ «በምላሹስ ምን ትፈልጋለህ?» አለው።

ጫኔም፦ «በጎረቤት መሃል ምን ምላሽ አለ! ስታሸንፍ እንነጋገራለን» አለው።

ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይላሉ። ይሄኛው ዕቃ የሚያውስ ነበረ፤ እሱ ይብሳል። ደምሌም በቀደዱለት ቦይ ፈሰሰና ጦሩን ተቀበለ።

ከዚያም ወንድም ወንድሙን ወጋ። ከዚህም ከዚያም ሰው ወደቀ። እመት ውድነሽ ጠዋት በአጥናፉ ወገን ልቅሶ ይደርሳሉ፤ ከሰዓት ወደ ደምሌ ወገን ወርደው ልቅሶ ይደርሳሉ። በሁለቱም ቤት፦ «ልጅዎ ልጄን በላው» ይሏቸዋል። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ከሁለት አንዱን ልጃቸውን እንደሚቀብሩ አወቁ። «የትኛው ይትረፍልኝ ብዬ ልለምን?» ይሉና ያለቅሳሉ። እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ጸሎት ከእናት አፍ ይወጣል?

አንድ ቀን እመት ውድነሽ በትንሽ ቅል ማር ያዙና ወንዙን ተሻገሩ። የጫኔ ድንኳን ገቡ። ጫኔ በሽማግሌዎቹ ተከቦ ተቀምጧል፤ ደምሌም አጠገቡ አለ። እናቱን ሲያይ ብድግ አለ።

እመት ውድነሽ እጅ ነሡና፦ «ጃንሆይ፣ ለደምሌ አልመጣሁም። የመጣሁት እርስዎን የማር ልጅ ላደርግዎ ነው» አሉ።

የማር ልጅ ታውቃላችሁ? አታውቁም፤ እናንተ ምን ታውቃላችሁ! ድሮ ያልወለዱትን ልጅ ማድረግ የፈለገ ሰው አውራ ጣቱን ማር ይቀባል። ልጅ የሚሆነውም በሽማግሌ ፊት ይጠባዋል። አንዴ ከጠባ ከሥጋ ልጅ አይለይም። እንደ ልጅ ይወርሳል።

ጫኔ «ይወርሳል» የምትለዋን ነው ያሰበ። በሆዱም፦ «በጦር የምፈልገውን መስክ አሮጊቷ በማር ይዛልኝ መጣች!» አለ። ደስ አለውና ወዲያው ተንበረከከ። የእመት ውድነሽንም አውራ ጣት ጠባ።

እንግዲህ ጫኔን እናቱ በአራስነቷ ጥላው ነው የሞተች። እመት ውድነሽ ማሩን ከጺሙ ላይ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለትና፦ «ምነው እንዲህ ከሳህ ልጄ? ምሳህን በልተሃል?» አሉት። ያ ንጉሥ ለስንቱ ግብር ሲያበላ የኖረ ነው፤ እሱን ግን በላህ ወይ ያለው ሰው አልነበረም። «አልበላሁም፣ እማዬ» አላቸው።

እመት ውድነሽ አዘኑለት፤ የመጡበትን ግን አልረሱም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና፦ «የማር ልጅ በእናቱ ልጅ ላይ ጦር ያነሳል ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌዎቹም፦ «አያነሳም። ካነሳ ማሩ መርዝ ይሁንበት» አሉ።

«ለአንዱ ወንድሙ ሌላውን የሚወጋበት ጦር ያውሳል ወይ?»

«አያውስም።»

«ርስትስ መቼ ይወርሳል?»

«እናቲቱ ስትሞት። ያውም ታላላቆቹ ድርሻቸውን ከመረጡ በኋላ።»

ጫኔ ሞኝነቱ አሁን ገባው። መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር፤ ከዚያ ሳቁ መጣ። ጦሩም ሰዉም እንዲመለስ አዘዘ።

ደምሌ ግን ፊቱ ጠቆረ። «እማዬ፣ እጄን አስረሽ ለአጥናፉ ልትሰጪኝ ነው?» አላቸው።

«እሱንም አስረዋለሁ፤ ተከተለኝ» አሉት። ጫኔም የደምሌም ሰዎች አብረው ተነሡ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ አጥናፉ «እናቴን ማዶዎች ወሰዱብኝ» ብሎ ሠራዊቱን ይዞ ወርዷል። ወንድማማቾቹ አሸዋው ላይ ተፋጠጡ።

በአገሩ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። አጥናፉም፦ «የባዕድ ጦር ያመጣብኝ እሱ ነው፤ እሱ ይሸከም» አለ። ደምሌም፦ «ነጋሪቴን የቀደደው እሱ ነው፤ እሱ ይሸከም» አለ። ሽማግሌ ለመነ፣ ቄስ ለመነ። እምቢ አሉ። ከሁለቱም ወገን ጦር ተነቀነቀ።

እመት ውድነሽ ጎንበስ ብለው ትልቁን ድንጋይ መረጡና እንደ ምንም ማጅራታቸው ላይ አወጡት። ከዚያም በልጆቻቸው መሃል ተንበረከኩ።

«ጥፋተኛዋ እናንተን የወለድኩ እኔ ነኝ። አጥናፉ፣ ይቅር በለኝ። ደምሌ፣ ይቅር በለኝ» አሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ሁለቱም ሮጡ። አጥናፉ በዚህ ያዘ፣ ደምሌ በዚያ ያዘ። አንዱ ብቻውን ቢስብ የእናቱን አንገት ይሰብራል።

አጥናፉም፦ «ቀስ፣ ቀስ በል! ወደ እኔ አዘንብለው» አለ።

ደምሌም፦ «ይዤዋለሁ፤ አንተ ከሥር ደግፍ» አለ።

ከዚያች ከመስቀል ዕለት ወዲህ በሰላም ሲነጋገሩ ያኔ ገና የመጀመሪያቸው ነው። ድንጋዩን አብረው አወረዱት። ከዚያም እናታቸው ጉልበት ላይ ወድቀው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

እመት ውድነሽ አንገታቸውን እያሹ ጫኔን ዞረው አዩት። «አንተስ ምን ቆመሃል? የመጨረሻ ልጅ አይደለህ? ውሃ ቅዳና ወንድሞችህን አስታጥብ» አሉት። ንጉሡም ካባውን ሰብስቦ አስታጠበ።

የሞተው አልተነሣም። ልጆቻቸውን የቀበሩት እናቶች ሐዘን እንዳለ ነው፤ እሱን ተረትም አይመልሰው። እመት ውድነሽ ግን ልጅ ሳይቀብሩ አረጁ። ዕድሜ ጠግበው ሲሞቱም ሦስት ልጆች ተሸክመው ቀበሯቸው። የዚያን ዕለት ጫኔ ስለ መስኩ አንዲት ቃል አልተናገረም። ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰ እሱ ነበር አሉ።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌን በዳቦ አብሱልኝ! ዳቦው ካለቀ ቆሎም ይበቃኛል፤ ጥርሴ እንደሆነ ገና ነው።