ሙሽሪት ያመጣችው የእህቷ ፀጉር

አንድ ከተማ ውስጥ ለሠርጓ ሁለት ሳምንት የቀራት ፍሬገነት የምትባል ልጅ ነበረች። ፀጉሯ ወገቧ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። እንዲህ ያለሰለሰው በየሦስት ወሩ የምትቀባው ሪላክሰር የሚባል የፀጉር ማለስለሻ ክሬም ነው፤ ይህን ግን ከእሷ፣ ከእህቷና ከፀጉር ሠሪዋ ከንግሥቴ በቀር ማንም አያውቅም። የወደፊት አማቷ ወይዘሮ አልታዬ በየለቅሶ ቤቱና በየማኅበሩ «የልጄ ሙሽራ ፀጉር የራሷ ነው፤ ክሬም የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም» እያሉ ያወራሉ። ማን ጠየቃቸው? ማንም። ፍሬገነትም አንገቷን ደፍታ ትሰማለች እንጂ አታርምም።

አንድ ቀን አማትየዋ ሙሽሪትን ይዘው ወደ እማማ ዙሪያሽ ሱቅ ሄዱ። ለሠርጉ ፀጉሯ ጥቁር ብሎ እንዲያብረቀርቅ ሂና ሊገዙላት ነው። እማማ ዙሪያሽ አርባ ዓመት ሙሉ ሂናና ቅጠላቅጠል የሸጡ፣ ሳይጠይቁ የማይሸጡ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ፀጉርሽን ክሬም ነክቶታል?» አሏት።

ፍሬገነት አማቷን በጎን አየቻቸው። «ኧረ በጭራሽ!» አለች።

«አስቢበት። ቢነካውም ነውር የለውም፤ ምንም ያልተቀላቀለበትን ንጹሑን ቅጠል እሰጥሻለሁ። ቀለሙ ቀላ ይላል፣ እሱንም ክሬም ከተቀባሽ ሁለት ሳምንት ሲሞላሽ ነው የምትቀቢው። ይኼ ጥቁሩ ግን ማጥቆሪያ ዱቄት አለበት። ከክሬም ጋር አይስማማም፣ ፀጉር ይበጥሳል።»

«አልነካውም አለች እኮ!» አሉ ወይዘሮ አልታዬ ቱግ ብለው።

«እንግዲያው ከማበጠሪያሽ ላይ ትንሽ ፀጉር ነገ አምጪልኝ። ጥቁሩ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳድረውና ሲሳብ ካልተበጠሰ እሸጥልሻለሁ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያበግነኝ። ሴትዮዋ የሚጎዳትን ነግረዋታል፣ የማይጎዳትንም አሳይተዋታል፣ ያለ ምንም ክፍያ ልሞክርልሽ ብለዋታል። ፍሬገነት በማግስቱ ብቻዋን ተመልሳ እንኳ እውነቱን መናገር ትችል ነበር። እሷ ግን ምን አደረገች? ክሬም ነክቷት ከማያውቃት ከታናሽ እህቷ ማበጠሪያ ላይ ፀጉር ለቅማ ወሰደች! የእህቷ ፀጉር አድሮ ሲሳብ አልተበጠሰም። እማማ ዙሪያሽም አምነው ጥቁሩን ሸጡላት።

ተቀባችው፤ አማረባት። ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ግን ሥር ሥሩ ተጠቅልሎ ማደጉን በመስታወት አየችና ክሬም ልትደግም ወደ ንግሥቴ ሮጠች። ንግሥቴ ጓንቷን አጥልቃ እንደ ልማዷ ጠየቀች።

«ሂና፣ ቅጠል፣ ቀለም፣ የተቀባሽው ነገር አለ?»

«ምንም!» አለች ፍሬገነት። ሂና ተቀብቻለሁ ካለች ንግሥቴ ክሬሙን ሳትቀባት እንደምትመልሳት ታውቃለች።

«ታዲያ እንዲህ ምን አጠቆረው?»

«የወይራ ዘይት ነው።»

ደግሞ የወይራ ዘይት!

ክሬሙ ተቀባ። ጥቂት ቆይቶ «አቃጠለኝ» አለች። ንግሥቴ ቶሎ ብላ ውኃ ስታፈስበት ፀጉሩ በእፍኝ በእፍኝ እየተበጠሰ እጇ ላይ ቀረ። ፍሬገነት ያን ጊዜ «ሂናው ነው! እማማ ዙሪያሽ የሸጡልኝ ሂና ነው!» ብላ ጮኸች። ንግሥቴ በንዴት የፍሬገነትን ራስ በፎጣ ጠቅልላ እየጎተተች ወደ ሱቁ ወሰደቻት። ወይዘሮ አልታዬ ለሠርገኛ ሴቶች እጅ የሚሆን ሂና ሊገዙ መጥተው እዚያው ተቀምጠው ነበር።

«እማማ፣ ምን ዓይነት መርዝ ነው የሸጡላት?» አለች ንግሥቴ።

«የምን መርዝ? እዚሁ አማቷ ፊት ክሬም ነክቶኝ አያውቅም ብላኛለች! ፀጉሯንም ሞክሬዋለሁ!»

«አምስት ዓመት ሙሉ ክሬም የምቀባት እኮ እኔ ነኝ!»

ሁለቱም ወደ ሙሽሪት ዞሩ። «ያመጣሽልኝ ፀጉር የማን ነው?» አሉ እማማ ዙሪያሽ።

«የእህቴ» አለች። ከዚያ ፎጣውን ከራሷ ላይ ጣለችና «ሠርጉንም ተዉት፤ እንዲህ ሆኜ ማን ያገባኛል?» ብላ ተንሰቀሰቀች።

ወይዘሮ አልታዬ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሁሉም ሊሰድቧት ነው ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ሻሻቸውን ፈቱ። ከሁለቱም ጆሮዎቻቸው በላይ አንድ ፀጉር የለም።

«እኔም በሠርጌ ሰሞን ነው። ክሬም ላይ ጥቁር ሂና ደረብኩበት፤ ቆስሎ ዳነ፣ ፀጉሩ ግን አልበቀለም። ሠርጉ አይቀርም፣ ልጄ።»

ፍሬገነት እግራቸው ላይ ወደቀች። ንግሥቴ ግን አልራራችም፤ እኔም በእሷ አልፈርድም።

«እትዬ፣ ይህን በራስዎ ላይ አይተው ነው ‹ክሬም ነክቶት አያውቅም› እያሉ ከተማውን ሲያዞሩ የከረሙት? እማማ ሲጠይቋት እዚሁ ቆመው አልነበረም? አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት?»

ወይዘሮ አልታዬ ሻሻቸውን መልሰው አሰሩ።

ፍሬገነት ፀጉሯ ከጆሮዋ በላይ ተከርክሞ ተዳረች። በሠርጉ ላይ ሴቶቹ «ምነው፣ ያ ሁሉ ፀጉር የት ሄደ?» ሲሉ አማትየዋ ፈጠን ብለው «ፋሽን ነው! የዘንድሮ ሙሽራ እንዲህ ነው» አሉ። ወይ ጉድ! ሰው እንዴት ከራሱ ቁስል አይማርም?

«ፋሽን አይደለም፣ እማዬ» አለች ሙሽሪት፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ክሬም እቀባ ነበር። ጥቁር ሂና ደረብኩበትና ተበጠሰ። ሁለት ሰው ጠይቆኝ ሁለቱንም ዋሽቻለሁ።»

በአዳራሹ ከተቀመጡት ሴቶች ሦስቱ እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ፀጉራቸው ሰደዱ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ስንሰማው ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ ዞር ስንል እንደብቃለን። ለቅጠል ሻጯ ክሬሙን ደብቆ፣ ለፀጉር ሠሪዋ ቅጠሉን ደብቆ፣ ኋላ ሁለቱን ማጋጨት ምን የሚሉት ብልጠት ነው? «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?» የምትሉም እባካችሁ ተዉን፤ ሳማም ቅጠል ነው። ሂና ስትገዙ ምን እንደተቀላቀለበት ጠይቁ። ክሬም የነካው ፀጉር ካላችሁ ንጹሑን ብቻ፣ እሱንም ቀን አራርቃችሁ፣ መጀመሪያ ከማበጠሪያ ላይ በወደቀ በገዛ ፀጉራችሁ ሞክራችሁ ተቀቡ። ከሁሉ በፊት ግን ሊረዳችሁ ለሚጠይቃችሁ ሰው እውነቱን ንገሩት። ጉዳት ያገኛችሁ ደግሞ አትሸፋፍኑት፤ ከኋላችሁ የሚመጣ ሰው አለ።

ሊጠቅማችሁ ብሎ የጠየቃችሁን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የዋሻችሁት መቼ ነው? በመዋሸታችሁስ ምን አተረፋችሁ?