ኒባራን ያለቀሰበት ግድግዳ

ልጆች፣ ቀረብ በሉ። ይኼ የሆነው እኛ ገና ሳንታሰብ ነው፤ ባሕር ማዶ በህንድ አገር፣ አፈሩ ቀይ በሆነ አንድ መንደር።

በዚያ መንደር አንድ ባለቅኔ ነበሩ። ግጥማቸውን ጀልባ ቀዛፊው ያዜመዋል፣ ሙሽራ ይሸኙበታል። እኚህ ሰው ከማንጎ ዛፎች ሥር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሥዕል እንዲያስተምርላቸውም ኒባራን የሚባል የሸክላ ሠሪ ልጅ ከከተማ አስመጡ።

ኒባራን መጣ። አንድ ሣጥን አሸክሞ መጣ። በሣጥኑ ውስጥ ምን ነበር? የጀሶ አፍንጫ፣ የጀሶ ጆሮ፣ የጀሶ ፈረስ፤ ሁሉም ከፈረንጅ አገር የመጣ። ከተማ ያስተማሩት እነዚህን እያዩ መገልበጥ ብቻ ነበር፤ እሱም ልጆቹን ይህንኑ ያስተምራቸው ጀመር።

ደግሞ ይኼ ሰው ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም! ይቀመጣል፣ ይነሳል። ይስላል፣ ይቀዳል። ሆዱን የሚበላው አንድ ነገር ነበር፦ ሣጥኑን ቢወስዱብኝ፣ የራሴ የምለው አንድ መስመር እንኳ አለኝ? ይህን ለማንም አልተናገረም።

አንድ ቀን ባለቅኔው ልጆቹን ጎሽ ሳሉ አሏቸው። ልጆቹ ሳሉ። ጉድ በሉ! ጎሹ ሁሉ የፈረስ እግር አወጣ! ሌላ እግር መቼ ተማሩና? በዚያ መንደር ፈረስ ጭራሽ የለም፤ ጎሽ ግን እዚያ አገር እንደ ላም ቤት የሚረባ ነውና ከኩሬው ጠፍቶ አያውቅም። ባለቅኔው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ኒባራን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

“ጌታዬ፣ እኔ ለዚህ አልሆንም፤ ልሂድ” አለ።

“የት ትሄዳለህ?” አሉት። “እኔም እኮ መሳል አልችልም። ግን የሰው ግጥም ስገለብጥ ኖሬ ቢሆን፣ ይኼኔ ማን ይሰማኝ ነበር? ሣጥንህን ዝጋ። ልጆቹን ይዘህ ኩሬው ዳር ተቀመጥ። ወረቀት እንዳትይዝ።”

ሣጥኑን ዘጋ። ኩሬው ዳር ተቀመጠ። አየ። ተነሳ፣ ዞረ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ አየ። አንዲት ጎሽ ውሃው ውስጥ ገብታ አፍንጫዋ ብቻ ሲቀር አየ። ስትወጣ ጭቃው ከሆዷ ሲንጠባጠብ አየ። ልጆቹ በጣታቸው አፈሩ ላይ መሳል ጀመሩ። እሱ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ያያቸዋል። ምን ልበላችሁ፣ ቀናባቸው!

ክረምቱ ሲወጣ ባለቅኔው የትምህርት ቤቱን የጭቃ ግድግዳ አሳዩትና “በሥዕል ሙላው” አሉት። እምቢ አለ። ለመኑት፣ እምቢ አለ። አንድ ማለዳ ግን ማንም ሳይጠራው ኖራና ቀይ አፈር በጠበጠና ጀመረ። ጎሿን ሳላት፤ ከኩሬ ስትወጣ፣ ከነጭቃዋ። የመንደሩ ሰው ሥራውን ትቶ ሊያይ መጣ። ኒባራን ያን ቀን ተረጋግቶ እህል ቀመሰ።

ታዲያ ምን ይሆናል፣ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ መጣ። ሲያባራ ግድግዳው ላይ የቀረው ቀይ ውሃ ብቻ ነው። ኒባራን አለቀሰ። ተማሪዎቹ ፊት፣ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰ።

“የኔ የምለው እሱ ብቻ ነበር” አለ። “ሌላ የለኝም።”

ባለቅኔው ግጥም አልገጠሙ፣ ምክር አልመከሩ። ያን ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው ጭቃ ማቡካት ያዙ። ወይ ጉድ፣ ባለቅኔ ጭቃ ሲያቦካ! ጭቃው ቀጠነባቸው።

“ኧረ ጌታዬ፣ ገለባ ይግባበት!” አለ ኒባራን እያለቀሰ። እሱ ራሱ ጨመረበት። እሱ ራሱ አቦካው። ግድግዳውን መረገ፤ ሳይደርቅም በጣቱ አሰመረበት። ጎሽ ወጣች። ያቺኛዋ አይደለችም፣ ሌላ ናት፤ ጥጃ አስከትላለች። ኒባራን ዓይኑን ማመን አቃተው።

ከዚያ መንደር አልሄደም፤ እዚያው አረጀ። ተማሪዎቹም አድገው በየከተማው የሥዕል ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ ልጆቹን መጀመሪያ ወደ ውጭ ያወጧቸው ጀመር።

እስከ ዛሬ በዚያ መንደር ክረምት በወጣ ቁጥር ግድግዳው እንደ አዲስ ይመረጋል። ያምናው ሥዕል የቱንም ያህል ቢያምር ይሸፈናል። አስተማሪው ቀድሞ እጁን ጭቃው ውስጥ ይከታል፣ ተማሪው ይከተላል። ሥዕሏ የተሸፈነባት ልጅ ብታለቅስ ማንም አያባብላትም።

“ኒባራንም አልቅሷል” ይሏታል። “ነይ፣ ጭቃው ሳይደርቅ።”