ከመስታወቱ ወዲያ የጠቆረው ዓሣ

አንዲት ሴት ሳሎኗ ውስጥ ቁጭ ብላ ዓሣ ታያለች። በቃ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አትሳቁ! ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዓሣ ነው። ስጨርስ ግን ስለ ማን ሳወራ እንደነበር እናንተው ትነግሩኛላችሁ።

ሴትዮዋ ጸዳለ ትባላለች። ሐዋሳ የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። ታሪኳን እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች፤ እንዲያውም "ፓስተር፣ ዓሦቼን አሳንሰው እንዳያወሩብኝ" ብላ አስጠንቅቃኛለች። እንዴት አሳንሳለሁ? በዓይኔ ያየሁትን እኮ ነው የምነግራችሁ!

ሳሎኗ ስትገቡ በአንዱ ግድግዳ በኩል የእናቷ የእማማ አማረች አልጋ አለ። ፊት ለፊቱ ትልቅ የመስታወት የዓሣ ገንዳ። እማማ አማረች ስትሮክ መትቷቸው አንድ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ለማውጣት ፊታቸው ላብ በላብ ነው የሚሆነው። ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ጸዳለ ገንዳውን ያስገባችው ለዚያ ዓይን ነው። "እማዬ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ከምታይ፣ የሚያምር ነገር ብታይ ይሻላል" ብላ።

ዓሣው ዲስከስ ይባላል። አይታችሁት ታውቃላችሁ? እንደ ሳህን ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ መስመር የተሳለበት የሚመስል! እኛ ሐይቅ ዳር ያለን ሰዎች ግን ዓሣ የምናውቀው መጥበሻ ላይ ነው። ጎረቤቶቿ መጥተው ያዩና "ጸዳለ፣ ይሄ መቼ ነው የሚጠበሰው?" ይሏታል።

ዲስከስ ደግሞ ቅምጥል ነው። ውኃው ሞቅ ካላለ ያመዋል። ውኃው ትንሽ ከቆሸሸ ምግብ እምቢ ይላል። ስለዚህ ጸዳለ በየቀኑ የቧንቧ ውኃ በባልዲ ታሳድራለች፣ ታሞቃለች፣ ትቀይራለች። መብራት ሲጠፋ ውኃ አፍልታ በላስቲክ ጠርሙስ እየሞላች ገንዳው ውስጥ ታንሳፍፋለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው እናቷን እያገላበጠች፣ እያጠበች፣ በማንኪያ እያጎረሰች ነው። በመሃል የሰው ቀሚስ ትሰፋለች። ወገቧን ይዛ ነው የምትነሳው። ብቻዋን!

ለምን ብቻዋን? ወንድም የላትም?

አላት። ምትኩ ይባላል። ታናሿ ነው፤ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ይሠራል። እናታቸው በታመሙ ሰሞን አንድ ቀን "እማዬን ጠብቅልኝ" ብላው ገበያ ወጣች። ምትኩ ኳስ ላይ ነበር ልቡ። እናቱ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት፣ ለአፍታ ብሎ ጎረቤት ቤት ገባ። እማማ አማረች ውኃ ጠምቷቸው ሲንጠራሩ ከአልጋ ወደቁ። ደህናው እጃቸው ተሰበረ። አስቡት እስቲ፤ የቀራቸው አንድ እጅ!

ጸዳለ ስትመለስ እናቷን ወለሉ ላይ አገኘቻቸው።

"ውጣ!" አለችው ምትኩን ሮጦ ሲመጣ።

"እትዬ፣ ለአፍታ እኮ ነው የወጣሁት..."

"ውጣ አልኩህ! ከእንግዲህ እማዬን እንዳትነካት!"

የእማማ አማረች እጅ ቆይቶ ዳነ። ያቺ ቀን ግን አልዳነችም። ምትኩ በየሳምንቱ ፓፓያና ሙዝ ይዞ ይመጣል። ጸዳለ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቀበለዋለች። "እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች፤ ትዘጋለች። እሱም ትንሽ ቆሞ ይሄዳል። ፈረደችበት ልበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

አሁን ወደ ዓሦቹ እንመለስ፤ እዚያ ጋ ነው ጉዱ ያለው!

ዲስከስ የትዳር ጓደኛውን ራሱ ነው የሚመርጠው፤ ስላመጣችሁለት ብቻ እሺ አይልም። ከጸዳለ ዓሦች ሁለቱ ተለይተው አብረው መዋል ጀመሩ። ሌሎቹን ወደ ሌላ ገንዳ አዛወረችና ትልቁን ለሁለቱ ለቀቀችላቸው። አንድ የሸክላ ማሰሮ ደፍታ አስገባች። እነሱም ማሰሮውን በአፋቸው ጠርገው ጠርገው እንቁላል ጣሉበት! ጸዳለ እልል አለች። እማማ አማረች በዓይናቸው ሳቁ። በማግሥቱስ? አባትየው እንቁላሎቹን ለቃቅሞ በላቸው። አንድ እንኳን አላስተረፈም!

ጸዳለ ገንዳው ፊት ቆማ ጣቷን ቀሰረችበት። "አንተም እንደ ምትኩ ነህ!" አለችው።

ዓሦቹ ሁለተኛ እንቁላል ሲጥሉ ተዘጋጅታ ጠበቀች። አባትየው ዘሩን እንቁላሎቹ ላይ እንደረጨ፣ ገንዳውን ለሁለት የሚከፍል መስታወት አስቆርጣ አመጣችና መሃል ላይ አስገባች። እናትና እንቁላል ወዲህ፣ አባት ወዲያ። ውኃው ከሥር ይተላለፋል፤ እሱ ግን አያልፍም። ያያል እንጂ አይደርስም።

እንቁላሎቹም ተፈለፈሉ! የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጫጩቶች ማሰሮውን ለቀው መዋኘት ጀመሩ። ወዴት ዋኙ መሰላችሁ? ወደ እናታቸው ጎን! ዲስከስ ልጆቹን የሚያበላው ከራሱ ገላ ነው። ቆዳው ላይ እንደ ወተት ያለ ዝልግልግ ነገር ያወጣል፤ ጫጩቶቹ ጎኑ ላይ ተለጥፈው ያንን ይበላሉ። ደግሞም ገላው ይጠቁራል፤ ልጆቹ ከሩቅ ለይተው እንዲያገኙት። ዓሣ ያጠባል ብትባሉ ታምኑ ነበር? የፈጠረው ጌታ ይመስገን! ጸዳለ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ያ "መቼ ይጠበሳል" ሲል የነበረው ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ።

ደስታው ግን አልቆየም። ጫጩቶቹ እያደጉ፣ አፋቸውም እየበረታ ሄደ። እናቲቱ ብቻዋን ናት። ወተቷ አለቀ፤ ልጆቹ ግን መንጨታቸውን አልተዉም። ጎኗ ላይ ቁስል ወጣ፣ ክንፏ ተቦጫጨቀ። ምግብ ሲጣልላት አትበላም። ጭራሽ ከልጆቿ መሸሽ ጀመረች፤ እነሱም እየተራቡ ይከተሏታል። ሽሽቷ ጥላቻ ነው እንዴ? አይደለም! የምትሰጠው አልቆባት እኮ ነው።

እኔና ባለቤቴ ሰናይት እማማ አማረችን ልንጠይቅ የሄድነው በዚያ ሰሞን ነው። እሑድ ነው፤ ከጉባኤ መልስ። ጸዳለ በሩን ስትከፍት ፊቷ ከስቷል። ከመቀመጣችን በፊት ወደ ገንዳው ወሰደችን።

"እየሞተችብኝ ነው ፓስተር። እሷ ከሞተች ልጆቹም አይተርፉም። እማዬም ከትናንት ጀምሮ እየተከዘች ነው፤ የምታየው እሷን ብቻ ነው።"

እኔ ቁስሏን አየሁ። ሰናይት ግን ሌላ ነገር ነው ያየችው።

"ጸዳልዬ፣ ያኛውስ? ከመስታወቱ ወዲያ ያለው? ለምንድነው እንዲህ የጠቆረው?"

"አባትየው ነው። እሱን ተይው፤ እንቁላል በላተኛ ነው። እሱም ታሞ ይሆናል።"

"መስታወቱን አልለቅ ብሏል እኮ። ደግሞ ገላው ላይ ነጭ ነገር አለ።"

ጸዳለ ጎንበስ አለች። አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ወተት ነው" አለች። "ወይኔ! ወተት አውጥቷል!"

ወገኖች፣ ገባችሁ? ማንም አልጠራውም! ማንም ልጅ አላስጠጋለትም! ከመስታወት ወዲያ ሆኖ ልጆቹን እያየ፣ እየጠቆረ፣ ገላውን እያዘጋጀ ነበር! ምግቡ እዚያው ገንዳ ውስጥ ነበረ! እናቲቱ እዚህ ትሞታለች፣ ልጆቹ እዚህ ይራባሉ፣ ከሚያድናቸው ነገር የለያቸው አንድ መስታወት ብቻ ነው!

ጸዳለ መስታወቱን ለማንሳት እጇን ዘረጋች። መልሳ ሰበሰበችው።

"ቢበላቸውስ?" አለች። "አንዴ በልቷል እኮ! ቢበላቸውስ ፓስተር?"

እኔ ስለ ዓሣ ምን አውቃለሁ? ያኔ ከአልጋው በኩል ድምፅ ሰማን። እማማ አማረች ናቸው። ያ ተሰብሮ የዳነው እጃቸው ከአንሶላው በላይ ተነስቷል፣ ወደ ገንዳው ያመለክታል። ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል።

"አ... ን... ሺው" አሉ።

አነሳችው።

አባትየው ቶሎ አልመጣም። ቀስ ብሎ፣ እንደ እንግዳ፣ መስታወቱ የነበረበትን ቦታ አለፈ። እኛ እስትንፋሳችንን ይዘናል። ወደ ጫጩቶቹ ተጠጋ። ጸዳለ ዓይኗን ጨፈነች። "ንገሩኝ! ምን ሆነ? ንገሩኝ!" ትላለች። እሱ ከእናቲቱ ጎን ለጎን መጥቶ ቆመ፤ ቆመ ብቻ። ከዚያ እናቲቱ፣ ያቺ የቆሰለችው፣ አንድ ጊዜ ገላዋን አራገፈች! ልጆቹ እንዳለ ከእሷ ላይ ተነስተው እሱ ላይ አረፉ! ሁሉም! ጎኑን ሞሉት! እሱም ፍንክች አላለም፤ ያበላል!

ሰናይት ጮኸች። እኔም ጮህኩ። ጸዳለ ዓይኗን ገልጣ አየችና እልልታዋን አቀለጠችው። እማማ አማረች ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ሰማናቸው። እናቲቱስ? ጥግ ሄዳ አረፈች። ጸዳለ ትንሽ ምግብ ጣል አደረገችላት። በላች! እምቢ ስትል የከረመችው በላች!

ይሄን ጊዜ እኔ እንሂድ ብዬ ስነሳ፣ ጸዳለ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። አልጠየቅናትም። ስልኳን አንስታ ደወለች።

"ምትኩ።"

"እትዬ? ምነው? እማዬ ምን ሆነች?" ድምፁ እኛ ድረስ ይሰማል። ደውላለት አታውቅም፤ ስትደውል ሞት መሰለው።

"ምንም አልሆነችም። ደክሞኛል፣ ምትኩ። ደክሞኛል። ና።"

"ውስጥ ልግባ?" አላት።

"ግባ።"

እሑድም ሥራ ላይ ነበር፤ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ መጣ። እናቱን ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ ሳማቸው። ከዚያ እማማ አማረችን ለማገላበጥ ሰዓቱ ደርሶ ጸዳለ ስትነሳ "ቆይ እትዬ" አላት። አንዱን እጁን ከትከሻቸው ሥር፣ አንዱን ከዳሌያቸው ሥር አስገብቶ፣ ትራሱን ከጀርባቸው ደግፎ፣ አንዴ እንኳን ሳያስቃስታቸው አገላበጣቸው። ጸዳለ አፏን ከፍታ ቀረች።

"ይህን የት ተማርክ?"

"ጎረቤቴ ነርስ ናት" አለ መሬት መሬት እያየ። "አሳዪኝ ብያት... አንድ ቀን ትጠራኝ ይሆናል ብዬ ነው።"

ወገኖች! እሱም ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ሲዘጋጅ ነበር!

ልዋሻችሁ አልፈልግም። ጫጩቶቹ ሁሉም አልተረፉም። እማማ አማረችም ተነስተው አልሄዱም። ወንድምና እህቱም ዛሬ ድረስ በሾርባ ጨው ይጣላሉ። ግን ጸዳለ ተራዋን ትተኛለች። ወገቧን ቀና አድርጋ ትሄዳለች። ምትኩ እናቱ ጋ ሲውል እሷ ትሰፋለች፤ እሷ ስትውል እሱ ይሠራል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እዚህ መካከል ብቻዋን የምታስታምም አለች። ብቻውን ቤተሰብ የሚያስተዳድር አለ። ብቻችሁን ስለተሸከማችሁ የበለጠ የምትወዱ ይመስላችኋል። ከምትወዱት ሰው መሸሽ ስትጀምሩ፣ ድምፁ ሲያስጠላችሁ ደግሞ ክፉ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ክፉ አይደላችሁም! አልቆባችሁ ነው! እግዚአብሔር ያችን ዓሣ ብቻዋን እንድታሳድግ አልፈጠራትም፤ እናንተንስ ብቻችሁን እንድትሸከሙ ፈጥሯችኋል ያላችሁ ማን ነው?

"አንዴ በድሏል እኮ" ትሉኛላችሁ። አዎ፣ በድሏል። በደሉን ትንሽ ነው አላልኳችሁም፤ የእናት እጅ ተሰብሯል። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፦ ከዚያ ቀን ወዲህ አይታችሁታል? ተጠግታችሁ አይታችሁታል? ወይስ ያን ቀን ያያችሁትን ሰው ነው እስከ ዛሬ የምታዩት?

አንተም ደግሞ፣ አንድ ጊዜ አጥፍተህ በር የተዘጋብህ፣ ተስፋ ቆርጠህ እንዳትሄድ! ያላወቅከውን ተማር። የምትጠራበት ቀን ባዶ እጅህን እንዳያገኝህ።

አሁን እንጸልያለን። ግን ሰማችሁ? አንዳንዶቻችሁ ውስጥ አሁን አንድ ስም መጥቷል። አውቃለሁ፤ ከፊታችሁ ይታየኛል። ለእናንተ ጸሎቱን እኛ እንጨርስላችኋለን። እናንተ ተነሱ፣ በዚያ በር ውጡ፣ ደውሉለት። "ደክሞኛል፣ ና" በሉት። ሂዱ! ምን ትጠብቃላችሁ? ሂዱ እንጂ!